ድሬዳዋ ወይስ ሰመራ? ከበረሃ አበል በፊት ስለ ጥላ እንጠይቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አዲስ ተመርቀው ወይም ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተዛውረው ወደ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል የሚሄዱ ወጣት ባለሙያዎች በሁለቱም ከተሞች ኖሬ መሥራቴን ሲሰሙ «ድሬዳዋ ይሻላል ወይስ ሰመራ?» እያሉ ይጠይቁኛል። አስከትለው የሚያነሡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደመወዝ፣ ስለ በረሃ አበልና ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ነው። የእነዚህን አስፈላጊነት አልክድም። ሆኖም በሞቃት ከተማ ልጆች ወልዶ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ በቀትር በእግሩ ሲሄድ የሚጠለልበት ጥላ ስለመኖሩ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚወስድ ስለመሆኑና ቧንቧው ውሃ የሚሰጥ ስለመሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለእነዚህ ወጣቶች ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ከተሞች ለሚያስተዳድሩ ኃላፊዎች ጭምር ነው።

ሁለቱም የበረሃ ከተሞች ይባሉ እንጂ በረሃቸው አንድ አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ሰመራ ከ450 ሜትር በታች ናት፤ ይህም ልዩነት ከቀኑ ይልቅ በሌሊቱ ይታወቃል። በድሬ ግንቦትና ሰኔ የሚከብዱ ወራት ቢሆኑም በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው ነጠላ የሚያስደርብ ነው። በሰመራ ግን በሰኔና በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፣ ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ ግድግዳው ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊቱን መልሶ ስለሚያወጣው በአጎራባቿ በሎግያ ብዙ ሰው አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ ይተኛል። በዚያ ላይ የድሬ ሰው ወበቁ ሲጠናበት በደንገጎ ዳገት በኩል ወደ ሐረር መንገድ ቢወጣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደጋ ይደርሳል። የሰመራ ነዋሪ ግን ቀዝቃዛ አየር ቢሻ እስከ ወሎ ከፍታዎች ድረስ መጓዝ ይኖርበታል። ትንሽ ልጅ የታመመበት ወላጅ የዚህን ልዩነት ክብደት ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፤ የሰው እጅ የሠራው ግን ከዚህ የበለጠ ያሳስበኛል። ድሬዳዋ የተመሠረተችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከሥፍራው ሲደርስ ነው። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከግርጌው ቆመ፣ በዚያውም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። በከዚራ በኩል የባቡሩ ኩባንያ ሰዎች መንገዱን በዛፍ አሰልፈው፣ ቤቶቹን በወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ በረጅም ጣሪያና በሰፊ በረንዳ ሠሩ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በመጋላ ደግሞ ነጋዴው ሕዝብ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገዶችን ሠርቶ አንዱ ግድግዳ ለሌላው ጥላ እንዲሆን አደረገ። ሁለቱ ሰፈሮች በመልክ ምንም ባይመሳሰሉ ለፀሐይ የሰጡት መልስ አንድ ነበር። ዛሬ አንዲት እናት ከቀፊራ ገበያ ዘንቢሏን ይዛ በእግሯ ቤቷ መድረስ የምትችለው፣ አዛውንቶችም ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጠው የሚጫወቱት ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ይህን ስላሰቡ ነው።

ሰመራ ይህን ዕድል አላገኘችም። የአፋር ክልል ዋና ከተማነትን ከአሳይታ የተረከበችው በቅርብ ዘመን ሲሆን፣ የተሠራችውም ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር በተዘረጋ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ቢሮዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አስፋልቱ ሰፊ ነው፣ ዩኒቨርሲቲም የአውሮፕላን ማረፊያም አላት። ነገር ግን ሕንፃዎቹ ተራርቀው ስለቆሙና በመካከላቸው ጥላ ስለሌለ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በእግር መሄድ በቀትር የሚታሰብ አይደለም፤ ባጃጅ ያላገኘ ባለጉዳይ ጉዳዩን ለነገ ያሳድራል። ብዙው ሠራተኛ ሥራውን በሰመራ እየሠራ ኑሮውን በሎግያ ማድረጉም የሚያስገርም አይደለም። ሎግያ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ማረፊያ እንደመሆኗ አቧራና ጫጫታ ቢበዛባትም፣ ምሽት ላይ ሻይ ቤቷ፣ ሥጋ ቤቷና ሱቋ ሰው አለው።

በጣም የሚያሳዝነኝ የአፋር ሕዝብ ሙቀትን እንዴት እንደሚችሉት ከማንም በላይ የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ይህ እውቀት በከተማው አሠራር ውስጥ አለመግባቱ ነው። የአፋር ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል በተሠራ ሰሌን የሚያቆሙት ጎጆ ነፋስ ያስገባል፣ ሙቀትም አያከማችም። ከአጠገቡ የሚቆመው የብሎኬት ቤት ግን በቆርቆሮ ክዳን ተሸፍኖ፣ መስኮቱም ለምዕራብ ፀሐይ ተከፍቶ፣ መብራት በጠፋና ማራገቢያው በቆመ ቁጥር የማይቀመጡበት ይሆናል። የመሐንዲሶቻችን ንድፍ ለአዲስ አበባ የተሠራ ይመስል በረንዳ እንኳ የለውም።

ስለ ውሃም እንዲሁ እውነቱ መነገር አለበት፤ በዚህ ረገድ ድሬም የምትኮራበት ነገር የላትም። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ጨውና ኖራ ስለሚበዛበት የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ይህን ይለምዱታል። የማይለመደው ውሃው በፈረቃ መምጣቱ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሰው በበርሜልና በሮቶ ያጠራቅማል፣ ያልተከደነ በርሜል ደግሞ የወባና የዴንጊ ትኩሳት ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. በዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ እንዲሁ በትንኝ በሚተላለፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ወረርሽኝ ተመታለች። በ2014 ዓ.ም. በደረቁ ወቅት ያልተጠበቀ የወባ ወረርሽኝ ሲነሣም፣ ተመራማሪዎች ምክንያቱን በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለ መጤ ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ይኸው ትንኝ በሰመራም ተገኝቷል። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ሳይቋረጥ መምጣቱ የምቾት ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው፤ በሁለቱም ከተሞች በጀት ሲያዝ በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባል።

በአደጋ ረገድ የድሬ ሥጋት ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ስለዚህ ቤት የሚከራይ ሰው ከወንዙ ዳር እንዲርቅ አጥብቄ እመክራለሁ። ሰመራ ያለችው በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ያሰጋታል፤ በ1961 ዓ.ም. ከእርሷ ብዙም የማትርቀው የሰርዶ መንደር በዚሁ ፈርሳለች። ሕክምናን በተመለከተ በድሬ ድል ጮራ ሆስፒታልና በርካታ የግል ክሊኒኮች ሲኖሩ፣ የሰመራ ሕመምተኛ ከበድ ሲልበት የሚሄደው ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ነው። በትምህርት ቤት ምርጫም ድሬ ትበልጣለች።

እንግዲህ ለሚጠይቁኝ ወጣቶች መልሴ ይህ ነው። ልጆች ያሉት ሰው ደመወዙ ጥቂት ቢያንስም ድሬን ቢመርጥ አይጸጸትም ብዬ አስባለሁ። ገና ያላገባና በሙያው ቶሎ ኃላፊነት መረከብ የሚሻ ባለሙያ ግን ሰመራን አይናቅ። አዲስ ክልላዊ ከተማ እንደመሆኗ በሌላ ቦታ ብዙ ዓመት የሚያስጠብቅ ሥራ በእርሷ ዘንድ ለወጣት ይሰጣል፣ የአፋር ሰው እንግዳ አክባሪነትም በቅርብ የሚታይ ነው። ሎግያ ቤት ሲከራይ ግን ግቢና በረንዳ ያለውን ይፈልግ። ሁለቱንም ከተሞች አስቀድሞ ማየት የሚችል ሰው ደግሞ በጥር ሳይሆን በሰኔ ሄዶ ይያቸው።

ለሰመራ ሎግያ ከተማ አስተዳደር የማቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው። የአዋሽ ወንዝ በቅርብ ያልፋል፤ ከዩኒቨርሲቲውና ከቢሮዎቹ የሚወጣውም ፍሳሽ ተጣርቶ ዛፍ ሊያጠጣ ይችላል። ኒም የተባለው ዛፍ በድሬ ሙቀትን ችሎ ማደጉ ታይቷል፤ ማንም ሳይተክለው ሜዳውን የሚወርረውን ፕሮሶፒስ የተባለ መጤ እሾሃማ ተክል ከመመልከት፣ ከመናኸሪያው እስከ ቢሮዎቹ ባለው የእግረኛ መንገድ ግራና ቀኝ ኒም ተተክሎ እስኪጸድቅ ድረስ የሚያጠጣው ሠራተኛ በደመወዝ ይመደብለት። በዘመቻ ተተክሎ ውሃ አጥቶ የሚደርቅ ችግኝ ለማንም ጥላ አልሆነም።

የድሬዳዋ አስተዳደርም አዳዲሶቹን ሰፈሮች ሲያስፋፋ የከዚራን መንገድ አርአያ ያድርግ። አዲስ በሚነጠፈው አስፋልት ዳር ዛፍ እንዲተከል በግንባታ ውሉ ውስጥ ይጻፍ፣ የከዚራ አሮጌ ዛፎችም ያለ በቂ ምክንያት እንዳይቆረጡ በደንብ ይጠበቁ። ጋዜጣችሁም የከተማ ልማት ዘገባ ሲሠራ ስንት ፎቅ እንደተገነባ ብቻ ሳይሆን፣ ከፎቁ ሥር የሚያልፈው እግረኛ በምን ተጠልሎ እንደሚሄድ እንዲጠይቅልን በአክብሮት እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ