የዓይን ቀጠሮ፦ ዓይኑ ባይቀላም አይዘለል

ውድ ወላጆች፣

የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ልጅ ዓይኑ ሳይቀላ፣ ሳያመውም ውስጡ ሊቆጣ ይችላል። ባትሪ አብርቶ ማየት አይበቃም፤ በስሊት ላምፕ (ሐኪሙ የዓይኑን ውስጥ አጉልቶ በሚያይበት መሣሪያ) ይመርመር። ሕመሙ ከ7 ዓመቱ በፊት ጀምሮት፣ ጥቂት መገጣጠሚያዎች ብቻ ተይዘው፣ የኤኤንኤ (የራስን ሰውነት የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልግ) የደም ምርመራው ፖዘቲቭ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት በየ3 ወሩ ይታይ። ጉልበቱ ተሻለው ማለት ዓይኑ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እባካችሁ ቀጠሮ አትዝለሉ።

የዓይን ብግነትን የሚቀንሰው የፕሬድኒሶሎን አሲቴት ጠብታ ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁት፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ ከታች ይቀራል። ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በራሳችሁ በድንገት አታቋርጡ፣ ብግነቱ ያገረሻል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን የዓይን ግፊት ሊጨምርና ሞራ ሊያመጣ ስለሚችል በየቀጠሮው ግፊቱ ይለካ።

ብግነቱን የሚቆጣጠረው ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ከታዘዘ በሳምንት 1 ቀን ብቻ ነው፤ በስህተት በየቀኑ መስጠት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።