ለጭንቀት ከውጭ ስለሚላከው የሲቢዲ ዘይት

ክቡር አዘጋጅ፣

ሀሺሽ ከሚገኝበት ከካናቢስ ተክል የሚወጣው ሲቢዲ የተባለ ውህድ ጭንቀትን እንደሚያስታግስ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ርዕሱን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። ጽሑፉ ግን ስለ መጠን አንድም ነገር አላለም። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ለእኛ ደንበኞች ትልቁ ጉዳይ ደግሞ መጠኑ ነው።

ዘይቱ እኛም ጋ እየደረሰ ነው። አሜሪካ ያለች ልጅ ለእናቷ በመንገደኛ ሻንጣ ትልካለች። እናት ብልቃጡን ይዘው ይመጡና «ዶክተር፣ ልጄ ለጭንቀት ነው ብላ ላከችልኝ፤ ስንት ጠብታ ልውሰድ?» ይሉኛል።

ጭንቀቱ እውነት ነው፤ ማንም እንዳያቃልለው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ ወዲህ «ልቤ ድው ድው ይላል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «በር ሲንኳኳ ድንግጥ እላለሁ» የሚል ሰው ከመድኃኒት ቤታችን አይጠፋም። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ መሬት ላይ የሚተኙ ጎልማሶች አሉ። ከዚያ በኋላም አገሩ አልረጋም። እንዲህ የሆነ ሰው ያረጋጋል በተባለ ነገር ሁሉ ላይ እጁን ቢዘረጋ አልፈርድበትም።

ካናቢስ ውስጥ ከመቶ በላይ ካናቢኖይድ የሚባሉ ውህዶች አሉ። ለዚህ ጉዳይ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። ቲኤችሲ ያሰክራል፤ ሲቢዲ አያሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2011 ብራዚል ውስጥ ሰው ፊት መቆም የሚያስጨንቃቸው 24 ሰዎች ንግግር እንዲያደርጉ ተደረገ። ግማሾቹ ቀድመው 600 ሚሊግራም ሲቢዲ ወስደዋል፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት እንክብል። ሲቢዲ የወሰዱት ጭንቀታቸው ቀለል ብሎ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ የብራዚል ጥናት ጤነኛ ሰዎችን በ150፣ በ300 እና በ600 ሚሊግራም ሞከረ። የሠራው 300ው ብቻ ነበር። ሁለቱም ጥናቶች አንድ ጊዜ ብቻ ተውጦ ለአንድ ንግግር የተደረጉ ናቸው። ዓመታት ለዘለቀ የጦርነት ድንጋጤ ማስረጃ አይሆኑም።

አሁን እናት ወዳመጡት ብልቃጥ እንምጣ። 30 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ላዩ ላይ 500 ሚሊግራም ይላል። ይህ የአንድ ጊዜ መጠን አይደለም፤ የጠቅላላው ብልቃጥ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ቢወስዱ የሚያገኙት 17 ሚሊግራም ገደማ ነው። 300 ለመድረስ 18 ሚሊ ሊትር መጠጣት ይኖርባቸዋል። ስለዚህ ጥቂት ጠብታ ወስዶ «ተሻለኝ» የሚል ሰው የተሻለው በልጁ ፍቅር ሊሆን ይችላል። እሱንም ቢሆን አልነቅፍም።

ግን እባካችሁ፣ ማንም ያንን 18 ሚሊ ሊትር አይሞክር። ሲቢዲ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚፈጭበትን መንገድ ያውካል። ደም ለማቅጠን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለመድማት ሊጋለጥ ይችላል። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮይክ አሲድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ያጸደቀችው የሲቢዲ መድኃኒት ኤፒዲዮሌክስ የጉበት ምርመራ እየተደረገ የሚሰጥ ነው። እሱም የጸደቀው ለከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታ እንጂ ለጭንቀት አይደለም።

የብልቃጡ ጽሑፍ ራሱ ሁልጊዜ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን መርምሮ፣ ላያቸው ላይ የተጻፈውን ያህል ይዘው የተገኙት ሲሶ እንኳ አልሞሉም። በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ቲኤችሲ ሲበዛ ራሱ ድንጋጤና ፍርሃት ያመጣል። ሕጉም አለ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ይከለክላል። ከወሎ ወደ ሳዑዲ የሚሄዱ ልጆቻችን እንዲህ ያለ ብልቃጥ በሻንጣቸው ቢገኝ ምን እንደሚጠብቃቸው ወላጅ ያስብበት።

ወጣቶቹ ደግሞ «ካናቢስ መድኃኒት ነው» የሚለውን ብቻ ሰምተዋል። ጫት ቅመው ለጨብሲ ሀሺሽ ያጨሳሉ። የሚያጨሱት የሚያሰክረውን ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለበት ልጅ ይህ በጣም አደገኛ ነው።

የሚሠራ ነገር አለን። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ለጭንቀት የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው። ለውጣቸው የሚታየው ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ያቆማል። ይህንን ሳይ በጣም አዝናለሁ፤ ሐኪሙም እኛም ቀድመን ብንነግራቸው ይታገሱ ነበርና። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ሊሰጠው የሚችል የአምስት ጊዜ የምክር አገልግሎት አዘጋጅቷል። የጤና ባለሥልጣናት ይህን ለደሴ፣ ለሐይቅና ለወልድያ ጤና ጣቢያዎች ያድርሱ። ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) የሚያስቀምጡ አባቶችንና የንስሐ አባቶችንም አብረው ያሠልጥኑ። ሰው ጭንቀቱን መጀመሪያ የሚናገረው ለእነሱ ነው።

እናንተም በሚቀጥለው እትም መጠኑንና ከመድኃኒት ጋር የሚያመጣውን ችግር ብታወጡ ብዙ ሰው ትጠቅማላችሁ። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ለብልቃጡ የምታወጡትን ብር ለእናታችሁ የሕክምና ቀጠሮ ትራንስፖርት ላኩላቸው። በየሳምንቱም ደውላችሁ መድኃኒታቸውን እንዳላቋረጡ ጠይቋቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት፣ ከኮምቦልቻ