በሰው ድል የሳቀው የአክስትሽ ልጅ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
መስከረም 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ያንቺ ቡድን ብቻ ነው።

ለእናትሽ "ስለ ፉትቦል የሚያወራኝ ሰው እንዳይደውል" ብለሽ ጽፈሽላታል። እሺ፣ አልደወልኩም። ደብዳቤ ግን አልከለከልሽም። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጁ ነው የምጽፍልሽ፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

መቼም የሆነው ሆኗል። ትምህርት ቤትሽ ቨርጂኒያ ቴክ የዘንድሮውን የአሜሪካ ፉትቦል የጀመረው አትላንታ ላይ በሳውዝ ካሮላይና 24 ለ 11 በመሸነፍ ነው። ቀጥሎ እዚያው ብላክስበርግ፣ በገዛ ሜዳችሁ፣ በቫንደርቢልት 44 ለ 20 ተሸነፋችሁ። ያውም ለእረፍት ስትወጡ እየመራችሁ ነበር! ከእረፍት በኋላ አንድ ነጥብ እንኳ ሳታገኙ ቀራችሁ። ሦስተኛው የቅዳሜው ነው። ኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲ ከኖርፎክ ድረስ መጥቶ፣ ሌን ስቴዲየም ውስጥ፣ አንቺ እያየሽ፣ 45 ለ 26 ገርፏችሁ ሄደ። እሑድ አሰልጣኝ ብሬንት ፕራይ ተባረረ።

ሰውየው አሳዝኖኛል። 16 አሸንፎ 24 ተሸንፎ ነው የወጣው፤ ይባረር መባሉ አይገርምም። የገረመኝ ሌላ ነው። በ2022 የቴክ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ከዚሁ ከኦልድ ዶሚኒየን ጋር ነበር፤ 20 ለ 17 ተሸነፈ። የመጨረሻውም ከእነሱው ጋር ሆነ። የተቀበሉትም የሸኙትም እነሱ ናቸው።

አንቺ ስቴዲየም ስለነበርሽ ቤት ውስጥ የሆነውን አላየሽም። እንቁጣጣሽ ሐሙስ ስለዋለና ሰው ሁሉ ሥራ ስለነበረበት ጥሪውን ለቅዳሜ አደረግነው። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ።

የአክስትሽ ልጅ ከሻርሎትስቪል መጥቷል። ነጭ የሀበሻ ልብስ ለብሶ የትምህርት ቤቱን የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያን (ዩቪኤ) ኮፍያ ደፍቷል። እናቱ "አውልቀው" ብትለው "በዓል አይደል እንዴ?" አላት። የራሱ ቡድን የዚያኑ ዕለት ዊሊያም ኤንድ ሜሪን አሸንፏል። ስለዚያ ትንፍሽ አላለም። ዓይኑ ያንቺ ቡድን ላይ ነው። ኦልድ ዶሚኒየን ተችዳውን ባገባ ቁጥር ከሶፋው ዘሎ ይነሳና ለአያትሽ ያስረዳቸዋል። አያትሽ ምንም አልገባቸውም፤ ልጁ ደስ ስላለው ብቻ እልል አሉ። ይቅር በያቸው። ባንቺ ላይ እልል ማለታቸውን እስከ ዛሬ አያውቁም።

ሙድ አያያዙን ደግሞ ተክኖበታል። "አጎቴ፣ የትምህርት ክፍያው ይመለስልኝ ብለህ ጻፍላቸው" አለኝ። ከዚያ ወደ ወፋችሁ፣ ወደ ተርኪው ሄደ። "ማስኮታቸው ተርኪ፤ ስቴዲየማቸው ውስጥ የሚሸጠው የተርኪ እግር። ራሳቸውን ሲበሉ ኖረው ዛሬ ሰው በላቸው" አለ። እናትሽ ሳትቀር ሳቀች። እኔም ሳልወድ በግዴ ስቄያለሁ፤ ከሰው ከምትሰሚው ከኔው ስሚው።

ልጄ፣ ይህ ልጅ ሊስቅ ይገባዋል። ከ2004 ወዲህ ዩቪኤና ቴክ 20 ጊዜ ተጫውተው 19ኙን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ። እነሱ የቀናቸው በ2019 ብቻ ነው፤ 39 ለ 30። ካቻምና 55 ለ 17፣ አምና 37 ለ 17 ሸኛችኋቸው። ልጁ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ የሚያየው የሁለታችሁ ዋንጫ ኮመንዌልዝ ካፕ ወደ ብላክስበርግ ሲጫን ነው። በራሱ ቡድን ጉልበት ሊስቅባችሁ ያልቻለ ሰው ሳቅ ይዋሳል።

ይህን የምለው ከደሜ ስለማውቀው ነው። አዲስ አበባ ስቴዲየም የቡና ደጋፊ ሆኜ ነው ያደግሁት። ጊዮርጊስ ዋንጫ በዋንጫ ሲሆን እኛ ፕሪምየር ሊጉን ያነሳነው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ያውም እኔ አሜሪካ ከገባሁ በኋላ! እስከዚያ ደስታችን ምን ነበር መሰለሽ? ፈረሰኞቹ በሌላ ሲሸነፉ ማየት። ከክፍለ ሀገር የመጣ ቡድን ጊዮርጊስን ያሸነፈ ዕለት እየጨፈርን ነበር ወደየቤታችን የምንገባው። ያንን ቡድን ግን ማን አስታወሰው? የአሰልጣኙን ስም የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ለመልስ የሚሆን ጥይት ከፈለግሽ አባትሽ አለሁልሽ። በ2009 ዩቪኤ በዊሊያም ኤንድ ሜሪ ተሸንፏል። በ2016 ደግሞ በሪችመንድ። ሁለቱም ከእነሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው የሚጫወቱ ቡድኖች ናቸው። ኦልድ ዶሚኒየን ግን እንደናንተው ላይኛው ደረጃ ላይ ነው ያለው። ይህን ሳነሳበት "ያኔ ልጅ ነበርኩ" ብሎ አመለጠኝ። በ2010 በጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ መሸነፋችሁን ካነሳብሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አስጨርሺው። ከዚያ በኋላ ቴክ በተከታታይ 11 ጨዋታ አሸንፎ የሊጋችሁ የኤሲሲ ሻምፒዮን እንደሆነ ንገሪው። የዘንድሮው እንደዚያ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ቡድኑን አይቼዋለሁ።

እኔም አልተረፍኩም። መኪናዬ ላይ የለጠፍሽልኝን "ሆኪ ዳድ" (የቴክ ልጅ አባት) የሚለውን ስቲከር ሥራ ቦታ ሁሉም ያውቀዋል። ሰኞ ጠዋት ገና ሳቆም አንዱ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "አይዞህ፣ ኢንጂነሪንጋችሁ ጥሩ ነው" አለኝ። የሰውየው ልጅ ጄምስ ማዲሰን ነው የሚማረው። ለሐዘን የመጣ ነበር የሚመስለው። አልላጥኩትም፣ አትስጊ።

እናትሽ እንደነገረችኝ ስለ ዩቪኤዎች "እጠላቸዋለሁ" ብለሻል። ይህቺ ላይ ትንሽ ቆይ። በኤፕሪል 2007 ግቢያችሁ ውስጥ 32 ሰው ሲገደል አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም። እኔና እናትሽ ቴሌቪዥኑ ፊት አንቺን አቅፈን ነበር የዋልነው። ያን ሰሞን የዩቪኤ ተማሪዎች እንደ ልማዳቸው መልእክት የሚቀቡበትን ድልድይ "ሁስ ለሆኪስ" ብለው ቀቡት፤ ሁስ የነሱ፣ ሆኪስ የናንተ ቅጽል ስም ነው። በኖቬምበር 2022 ደግሞ የእነሱ ሦስት ተጫዋቾች በጥይት ተገደሉ። የዚያ ዓመት የሁለታችሁ ጨዋታ ተሰረዘ። ከ2004 ወዲህ ስትቆጥሪ አንድ ዓመት የሚጎድልሽ ለዚህ ነው። የሚሳሳቁበትንም የሚተዛዘኑበትንም ጊዜ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የአክስትሽ ልጅ ነገ አንቺ ብትታመሚ ያንን ኮፍያ እንደደፋ ነው ብላክስበርግ የሚደርሰው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ያን ማታ ሳሎናችን ውስጥ ኦልድ ዶሚኒየን የሚማር ልጅ ነበር።

ታውቂዋለሽ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት አብራችሁ የዘመራችሁት ቀጭኑ የጓደኛዬ ልጅ ነው። ዘንድሮ ኖርፎክ ገባ። የኛን ሰው መቼም ታውቂዋለሽ። ልጅ ዩቪኤ ሲገባ እልልታ ነው። ቴክ ሲሆን "ጎበዝ፣ ኢንጂነር ልትሆን ነው"። ጆርጅ ሜሰን ሲሆን "ጥሩ ነው፣ ለቤት ቅርብ ነው"። ኦልድ ዶሚኒየን ሲባል "እሱ ደግሞ የት ነው?" ይላሉ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ 20 ዓመት ኖረው። ልጁ ጥግ ላይ ድፎ ዳቦውን ይዞ ተቀምጧል። ቡድኑ እያሸነፈ ነው። የሚጮኸው የዩቪኤው ልጅ ነው፤ የሚያዝነው የቴክ አባት ነው። እሱን ዞር ብሎ ያየው የለም። ይባስ ብሎ ሦስተኛው ሩብ ላይ እናቱ ምን አለች? "ውጤቱ ጥሩ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ወደ ቴክ ሊዛወር አስቧል።" በዚያች ሰዓት! ልጁ ሳህኑን ብቻ ነው ያየው።

የአክስትሽ ልጅ ቀልድ ሁሉ ሲጠቀለል "በኦልድ ዶሚኒየን እንኳ ተሸነፉ" የሚል ነው። "እንኳ" የምትለዋ አንቺ ላይ የተወረወረች መስላ አረፈችው እሱ ላይ ነው። ቀን ሙሉ በሰው ወርቅ የደመቀው ባለኮፍያው ነው፤ ባለወርቁ ጥግ ላይ ዳቦ ይበላል።

እንግዶቹ ሲነሱ ውጭ ድረስ ሸኘሁትና "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። ደንገጥ አለ። ከዚያ አፉን ሲከፍት ማን ያስቆመው! ያን ማታ ያወራው ስለ እናንተ ሳይሆን ስለራሱ ቡድን ነው። ትምህርት ቤቱ ወደ 70 ዓመት ገደማ ፉትቦል አልነበረውም አለኝ፤ እንደገና የጀመረው በ2009 ነው። ቴክ ከ1892 ጀምሮ ነው የሚጫወተው። በ2018 ኦልድ ዶሚኒየን ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ ሳለ፣ በአገሪቱ 13ኛ ደረጃ ላይ የነበረው ቴክ ኖርፎክ ሄደ። ከተቀያሪ ወንበር የተነሳ ብሌክ ላሩሳ የሚባል ኳርተርባክ 495 ያርድና አራት ተችዳውን ወረወረ። 49 ለ 35። "ያኔ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ" አለኝ ልጁ፤ እኔ ግን ሜዳ ላይ የነበረ ነበር የመሰለኝ። ላሩሳ በኋላ ፉትቦሉን ትቶ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ገባ ብሎኛል። አያትሽ ይህን ቢሰሙ እልልታው አውቀው ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አሳቀኝ። ልጁ "ጋሼ፣ በ2018 አሸነፍናቸው፤ ዘንድሮም በኛ አቆጣጠር 2018 ነው፤ አሁንም አሸነፍናቸው" አለኝ። የ2022ቱን ስትጨምሪ ሦስት መሆኑ ነው። "አልከበደህም ግን፣ ሁሉም ስለ ቴክ ብቻ ሲያወራ?" ብለው "እኛ እኮ እነሱን ማሸነፍ ለምደነዋል" አለኝና ወደ መኪናው ሄደ። እናቱ አልሰማችም።

ስልክ ቁጥሩን እናትሽ ትልክልሻለች። ለምን እንደምትልክልሽ አልነግርሽም፤ ኮሌጅ የገባሽው ለዚህ ነው።

ለኅዳር 20 ደግሞ ተዘጋጂ። በፈረንጁ ኖቬምበር 29 ነው፣ የታንክስጊቪንግ ቅዳሜ። ከዩቪኤ ጋር ሻርሎትስቪል ላይ ትገናኛላችሁ። የአክስትሽ ልጅ "ሁላችሁም እኔ ጋ ነው የምትመጡት" ብሏል፤ ትኬት ከአሁኑ እየፈለገ ነው። ዘንድሮ ቡድናቸው የሚያሰጋ ይመስለኛል፤ ከወዲሁ ልብሽን አዘጋጂ። እኔ የቴክን ሹራብ ለብሼ ነው የምመጣው። የኖርፎኩን ልጅም ጋብዤዋለሁ። "ከየትኛው ወገን ትቀመጣለህ?" ብለው "ገና አላሰብኩበትም፣ ጋሼ" አለኝ። ጥጋቡን አየሽልኝ?

እናትሽ የምግቡን ነገር ጨርሳዋለች። የገና ጾም ስለሚገባ በያይነቱ ነው የምትሠራው፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር፣ የቋንጣው ነገር አይታሰብም። ተርኪም የለም። ማስኮትሽ ቢያንስ በኛ በኩል ሰላም ነው።

አባትሽ