ዘጠኝ ዓመቴን በፌስታል ይዤ አራት ጊዜ መጥቻለሁ

ይድረስ ለሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ፣
ጅማ

ክቡር ኃላፊ፣

ስሜን ያውቁታል። አሠሪዬ የሥራ ልምድ እንዲጽፍልኝ ያድርጉልኝ ብዬ አራት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሻለሁ፤ ሁለት ማመልከቻም አስገብቻለሁ። መልስ ስላጣሁ ዛሬ ሰው ሁሉ እያየ እጽፍልዎታለሁ።

የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። በረዳትነት ጀምሬ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ፣ ለአንድ ባለንብረት ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ። ከጅማ ቡና ጭኜ በሰኮሩና በወልቂጤ አድርጌ አዲስ አበባ አራግፋለሁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጊቤን ቁልቁለት ያን ሁሉ ጊዜ ወርጄ አንድም ቀን መኪና አልገለበጥኩም። አንድ ጆንያም አልጎደለብኝም።

አሁን ተሳቢ መያዝ፣ ጅቡቲ መስመር መግባት እፈልጋለሁ። ለሾፌር እድገት ማለት ይኼው ነው። የትም ብሄድ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የሥራ ልምድ ነው። ባለንብረቱ አልጽፍም አለ። ከጻፈ የጡረታ መዋጮ እንዳልከፈለልኝ ይታወቅበታላ! ከደመወዜ 7 በመቶ ተቆርጦ፣ እሱ 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት ነበረበት። አንድ ሳንቲም አልገባም።

ቢሮዎ ደግሞ "የጽሑፍ ውል አምጣ" አለኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ በጽሑፍ ለሠራተኛው ይስጥ ይላል። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም ይላል። ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራ ምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጠው ይላል። ታዲያ አሠሪው ያልጻፈውን ውል እኔ ከየት ላምጣ?

ባለፈው ማክሰኞ ከጭነቱ ጋር የሚሄደውን የቡና መሸኛ ወረቀት ቅጂዎቼን ሰብስቤ በፌስታል ይዤ መጣሁ። የመኪናው ታርጋ፣ ስሜ፣ ፊርማዬ ሁሉም ላይ አለ። የእርስዎ ባለሙያ ሁለቱን ገለጥ አደረገና "ይሄ የቡና ወረቀት ነው፣ የሥራ ወረቀት አይደለም" ብሎ መለሰልኝ። ያንን ቡና ሌሊት ሳልተኛ፣ ልጆቼን ለሳምንት ሳላይ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ወረቀቶቹን ወደ ፌስታሉ ስመልስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት።

ረዳቴ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሾፌር መሆን ይፈልጋል። ስንወጣ "አንተ እንዲህ ከሆንክ እኔስ?" አለኝ። ምን ልበለው? ደመወዙን እሱም በእጁ ነው የሚቀበለው። ውል የለውም። እዚህ ከተማ ከማውቃቸው ሾፌሮች ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው።

ባለንብረቱን በደብዳቤ ይጥሩልኝ። ስጭንና ሳራግፍ የሚያውቁኝ የመጋዘን ሰዎች አሉ፤ ይመሰክራሉ። ሐሙስ ጠዋት ቢሮዎ እመጣለሁ። ፌስታሉን እይዛለሁ፣ ረዳቴም አብሮኝ ይመጣል። እርስዎ ራስዎ ያነጋግሩን።