ታኮው

ይድረስ ለወዳጄ፤

እንደምን ከረምህ? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኛ ክብሩ ይስፋ ደህና ነን። አባዬ ያረፈ ሰሞን ከበርሚንግሃም ደጋግመህ ስትደውል ስልኩን ያላነሣሁት ተቀይሜህ አይደለም፤ መናገር አቅቶኝ ነው። ከዚያ ወር በወር ላይ ሲደረብ አፈርኩ። ይኸው አራት ዓመት ሞላ። ይቅር በለኝ።

የአባዬ ላንድሮቨር ለእኔ ደረሰኝ። «ሽጠው» ያላለኝ ዘመድ የለም። ለከተማው ቪትዝ አለችኝ፤ ቁልፏን ሳዞር ወዲያው ትነሣለች፣ ማርሿን ራሷ ትቀይራለች፣ መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል። ለመቶ ኪሎ ሜትር እሱ 18 ሊትር ሲጠጣ እሷ 6 ይበቃታል። እሷን ማማት ግፍ ነው።

ነሐሴ ላይ ግን ለአክስቴ ተዝካር ወደ መንዝ በእሷ ተነሣሁ። ጣርማ በርን ሳላውቀው ወጣሁት። ላንድሮቨሩ እዚያ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚያስል ታስታውሳለህ? ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን አይቀንስምና ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበት ያጣል። የቪትዟ ኮምፒውተር ነዳጁን በአየሩ ልክ ይመጥናል። ምን ያደርጋል፣ ከአስፋልቱ እንደወጣሁ ዋልካው ያዛት። የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ሲሽከረከሩ ሆዷ ጭቃው ላይ ተኛ። ስድስት ገበሬዎች ተሸክመው ሲያወጧት አንደኛው «ጋሼ፣ ይቺ የሠርግ ጫማ ናት፤ ለምን አመጧት?» አለኝ።

ለመስቀል ላንድሮቨሩን ይዤ ተመለስኩ። ባትሪው ሞቶ ስለነበር በማኖቬላ ሞተሩን በእጄ አዙሬ አስነሣሁት፤ ክንዴ ሊገነጠል ምንም አልቀረው። ዋልካው ዘንድ ስደርስ ቀዩን ዘንግ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ አራቱም ጎማ ያዘና እንደ እርሻ በሬ እየረገጠ ወጣ። እንግሊዞች ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስለቸገራቸው አካሉን በአሉሚኒየም እንደሠሩት የነገርከኝ አንተ ነህ። እውነትም አካሉ አልዛገም፤ ሻንሲውን ግን ሁለት ቦታ አስበየድኩ።

ከመንደሩ በታች ያለው አቀበት መሐል ሞተሩ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑ ዛሬም ዘይት እየገባበት አይዝም። እንደ ልማዴ ወደ ጎን ዞሬ «ታኮ!» ብዬ ጮህኩ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ከጎማው ሥር ትወሽቀው የነበረው፣ የጠረብከው የወይራ ታኮ ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል፤ እግሬን ከፍሬኑ ካነሣሁ ግን መኪናው ወደ ገደሉ ነው። አንድ እረኛ መጥቶ ድንጋይ እስኪያደርግልኝ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሬኑን ረግጬ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ የማስበው አንተን ነበር።

ጥር ላይ እንደምትመጣ እናትህ ነግረውኛል። መኪናው የተሠራበት ሶሊኸል አጠገብህ ነውና ለአራቱም ጎማ የፍሬን ጎሚኒ ፈልግልኝ። የእኛ ረጅሙ፣ ባለ 109 ኢንቹ መሆኑን እንዳትረሳ፤ የአጭሩ ልኩ አይደለም።

ወዳጅህ