ለእሑድ ጥናታችን፦ ከራእይ በፊት ቆሮንቶስን

ሰላም እህት ወንድሞች፣

ባለፈው እሑድ ራእይ 20 ላይ ያለው የክርስቶስ የ«ሺህ ዓመት» ንግሥና ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ተንጠልጥለን ቀረን። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ እኛ ገና እየተከራከርን ነበር። በዚህ ሳምንት ስለ ሙታን ትንሣኤ ከሚናገረው ከ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 እንጀምር።

ጳውሎስ እዚያ የሚያነሣው ዘርን ነው። የተዘራችው የስንዴ ቅንጣትና የበቀለው አገዳ አይመሳሰሉም፤ ግን ከዚያችው ዘር ነው የወጣው። ገጠር ያደጋችሁ ይሄን ከኔ በላይ ታብራሩታላችሁ። እኔን የሚገርመኝ፣ ነፍስ ከሥጋ ተላቃ ትሄዳለች ብሎ ብቻ አለማለፉ ነው። ሥጋው ራሱ ይለወጣል ይላል። ጸሎተ ሃይማኖት ላይ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን የምንለውም ይህንኑ ነው።

ሺህ ዓመቱስ? ራእይ 20ን ቃል በቃል የሚወስዱ አሉ። ከጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት ከአውግስጢኖስ ወዲህ ግን ብዙዎች የቤተ ክርስቲያንን ዘመን የሚወክል ቁጥር አድርገው ያነቡታል። ይሄኛው ያሳምነኛል፤ የማትስማሙ ተዘጋጅታችሁ ኑ።

የዓለም መጨረሻ በዚህ ቀን ነው እያሉ ቀን የሚቆጥሩ ቪዲዮዎችን ግን እባካችሁ ግሩፑ ላይ አትልቀቁ። ያችን ቀን ማንም አያውቅም የሚለውን ማቴዎስ 24፥36ን ደግማችሁ እዩት።

ከኮምቦልቻ የምትመጡ፣ የሐረጎ ዳገት ስለሚያዘገይ ቀደም ብላችሁ ውጡ። ጋቢም ያዙ፤ አዳራሹ ይበርዳል።