ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን? ኧረ በሕግ!

ለአዘጋጁ፣

ስለ መኪና ጽዳት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሌላውን ልተወው። ኮፈን ውስጥ ስላለው ዘይትና ግራሶ የጻፋችሁት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «ሞተሩ ገና ትኩስ እያለ ቤንዚን በብሩሽ ቢቀቡት ቅባቱ ቶሎ ይለቃል» ይላል። ይህን የሚለው ደግሞ የክልል ላቫጆዎች ጥንቃቄ የላቸውም ብሎ ከወቀሰን በኋላ ነው! ጥንቃቄ እንዲህ ከሆነ እንኳንም ቀረብን።

እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከሚሌ በባቲ አድርጎ የሚመጣ ከባድ መኪና፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚገባ ሚኒባስ ሞተሩ እንዴት እንደሚግል አውቃለሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ያወጣል። እዚያ እንደደረሱ ኮፈን ከፍቶ ቤንዚን መቀባት? ቤንዚን እኮ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ እሳት የሚይዝ ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ሞተሩ ሥር ይተኛል። ከባትሪ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅም ጣጣ አለው፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። መጠበቅ ምን ይከብዳል? አቦልና ቶናው ተጠጥቶ በረካው ሲደርስ ሞተሩም ይበርዳል። ያኔ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ዲናሞው፣ የፊውዝ ሳጥኑና የአየር መሳቢያው በፌስታል ይሸፈናሉ። የቅባት ማስለቀቂያ ይረጫል፣ ጥቂት ይቆያል፣ በብሩሽ ይፈተጋል። ከዚያ በቀስታ በሚወርድ ውሃ ይታጠባል፤ በፓምፕ አይደለም። ናፍጣም እንደ ቤንዚን ቶሎ አይቀጣጠልም እንጂ ቺንጊያና ማኒኮቶ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶውንና የጎማ ቱቦውን፣ ያበላሻል።

ዘይቱ ከየት መጣ ብሎስ የጠየቀ አለ? ሞተር ዝም ብሎ አያልበውም። ወይ ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባው ማሸጊያ) ነው ያፈሰሰው፣ ወይ ፓራኦሊዮ (በሚሽከረከረው ዘንግ ዙሪያ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ)። እኔ የማጥበው ለማሳመር አይደለም። መኪናው ትንሽ ከተነዳ በኋላ አዲሱ ዘይት ከየት እንደሚጀምር ለማየት ነው። እናንተ ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፋችሁም።

ዘገባው ከወጣ በኋላ አንድ ደንበኛዬ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የእርስዎ አሠራር አርጅቷል፤ ይኸው ተጽፏል። አብሽሩ፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። እንቢ ስለው ተቆጥቶ ሄደ። ሌላ ቦታ አሳጠበ። መኪናው አልነሳ ብሎ ተጎትቶ የመጣው ታዲያ ወደ ማን መሰላችሁ? ሶኬቶቹ ሁሉ ውሃ ጠጥተዋል። ቤንዚኑ ስላልነደደ አልሐምዱሊላህ። የልፋቴን ሒሳብ ግን ለደንበኛው ልላክ ወይስ ለእናንተ?

እጣቢው የት እንደሚገባም ረስታችኋል። እኛ ዘንድ መጨረሻው ቦርከና ወንዝ ነው፤ ከታች ገበሬው መስኖ ይጠልፍበታል። ለዚህ ነው ከመኪናው ሥር ሰጋቱራ የማነጥፈው። ጥንቃቄ የለውም የተባለው የክልል ሰው ማለት ነው እንግዲህ።

እርማቱን በዚያው ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልን። ለሚቀጥለው ዘገባችሁ ደግሞ አንድ መካኒክ ደውላችሁ ጠይቁ። ኮምቦልቻም ኔትወርክ አለ።

ከአንድ የኮምቦልቻ መካኒክ